«ቶም ጆንስ» ወደ ቴሌቪዥን ሲመጣ የተራኪው ድምፅ ለማን ይሰጥ?

ሰምና_ወርቅ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ድሮ ዘመን ድራማ ስናወራ ሁሌ መጨረሻችን ልብስ፣ ሠረገላና ግቢ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ገጽ በገጽ የሚያስቅ ልብ ወለድ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ሳቁ የት ነው የሚቀረው? ልብሱ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ታሪኩም አለ። ሳቁ የለም። የጠፋው የተራኪው ድምፅ ነው ባይ ነኝ።

የማነሳው የሄንሪ ፊልዲንግን «ቶም ጆንስ» ነው። የታተመው በ1749 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የታሪኩን ምሥጢር ስለምንነካ፣ መጽሐፉን ገና የጀመራችሁ ካላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። ባለርስቱ ኦልወርዚ ከለንደን ሲመለስ አልጋው ውስጥ የተጣለ ሕፃን ያገኛል፤ ያሳድገዋል። ልጁ ቶም ነው። ቅን ልብ አለው፣ ግን ሴት ፊት አይጠነክርም። አብሮት የሚያድገው የኦልወርዚ የእህት ልጅ ብሊፊል ላይ ላዩን ጨዋ፣ ውስጡ መርዝ ነው። ቶም የጎረቤቱን የባለርስት ዌስተርንን ልጅ ሶፊያን ይወዳል። አባቷ ደግሞ ለብሊፊል ሊድራት ቆርጧል።

እንዲህ ሲነገር ተራ የፍቅር ታሪክ ነው። አሁን አንድ ቦታ ልውሰድ። ቶም በልጅነቱ ለሶፊያ ትንሽ ወፍ ይሰጣታል። ሶፊያ «ቶሚ» ትላታለች፣ እግሯን በክር አስራ ታጫውታታለች። ብሊፊል እስቲ ልያዛት ይልና ክሩን ፈትቶ ይለቃታል። ቶም ሊይዛት ዛፍ ላይ ሲወጣ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ውኃ ውስጥ ይወድቃል። ወፏን ጭልፊት ይዟት ይሄዳል። ብሊፊል ታዲያ ምን ይላል? ፍጥረት ታስሮ ማየት ሕሊናዬ አልቀበል ብሎኝ ነው ይላል። የሁለቱ ልጆች መምህራን ቁጭ ብለው ድርጊቱ ከሃይማኖት ነው ወይስ ከተፈጥሮ ሕግ እያሉ ይከራከራሉ። ተራኪው ልጁን አይሰድብም። ክርክሩን አንድ በአንድ፣ ፊቱን ሳያጥፍ ይዘግባል። እኛ እንስቃለን፣ እንናደዳለንም።

ይህ ካሜራ ፊት ምን ይሆናል? ክሩን ሲፈታ የብሊፊል ፊት በቅርብ ከታየ አለቀ። ክፉ ልጅ፣ የሞተች ወፍ፣ የምታለቅስ ልጅ። ሳቅ የለም።

ሦስት አዘጋጆች ለዚህ ሦስት መልስ ሰጥተዋል። በ1963 ቶኒ ሪቻርድሰን በጆን ኦዝቦርን ጽሑፍ ፊልም ሠራው፤ የምርጥ ፊልሙን ጨምሮ 4 ኦስካር ወሰደ። ተራኪው የማይታይ ድምፅ ነው። በ1997 ቢቢሲ በ5 ክፍል ሲሠራው ጆን ሴሽንስ ራሱን ፊልዲንግን ሆኖ ትዕይንቱ መሀል ገብቶ ይናገራል። በ2023 ግዊኔት ሂውዝ በ4 ክፍል ስትጽፈው ድምፁን ለሶፊያ ሰጠች።

የኔ አቋም ይኸው። ድምፁ ከታሪኩ ውጪ ላለ ሰው ይሰጥ። ሥራውም ማብራራት አይሁን። ምስሉ አንድ ነገር ሲያሳይ እሱ ሌላ ይበል። እናንተስ?


ሌሊት_አንባቢ

የ1997ቱ ላይ ድምፄን እሰጣለሁ። ፊልዲንግ መጽሐፉ ውስጥ አይደበቅም እኮ። መጽሐፉ 18 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ የሚከፈተው ደራሲው አንባቢውን በሚያናግርበት ምዕራፍ ነው። ስለ ተቺዎች፣ ስለ አጻጻፍ፣ ስለ ፍቅር ያወራል፤ ከዚያ ነው ወደ ታሪኩ የሚመለሰው። ሰውዬው እንደ ገጸ ባሕርይ ነው የሚታወሰኝ። ስለዚህ ሰው ሆኖ መቅረቡ ለመጽሐፉ ታማኝነት ነው።

ሩሲያውያንም በ1984 የጎጎልን «የሞቱ ነፍሳት» በ5 ክፍል ለቴሌቪዥን ሲሠሩ ደራሲውን ራሱን አስገብተውታል። በ2018 የታከሪ «ቫኒቲ ፌር» ሲሠራም ማይክል ፔሊን ታከሪን ሆኖ ይመጣል። የዚያም ጸሐፊ ግዊኔት ሂውዝ ናት። ያኔ ደራሲውን መድረክ ላይ አውጥታው፣ «ቶም ጆንስ» ላይ ስትደርስ ድምፁን ለሴቲቱ መስጠቷ ታስቦበት የተሠራ ነገር መሆኑን ያሳያል። ለምን ይመስላችኋል?


ነጭ_እርግብ

እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም የ2023ቱን ወድጄዋለሁ።

መጽሐፉ ውስጥ ሶፊያ ደፋር ናት፣ አስተዋይ ናት፣ በሌሊት ከአባቷ ቤት ታመልጣለች። ግን የምታስበውን በቅጡ አንሰማም። ተራኪው ያደንቃታል፤ አድናቆቱ ደግሞ ከሩቅ ነው። ቶም ከሌላ ሴት ጋር ሲያድር እንድንስቅ እንጋበዛለን። እሷ የት ናት? ምን ተሰማት? ድምፁ የሷ ሲሆን ይህ ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ሌላም አለ። በዚያ ሥራ ሶፊያ ጃማይካ ውስጥ ከባሪያ እናት የተወለደች ናት፤ ዌስተርን አያቷ እንጂ አባቷ አይደለም። ያ ሁሉ ያማረ ቤትና ሐር ገንዘቡ ከየት እንደመጣ በአንድ ገጸ ባሕርይ ተነገረ። የድሮ ዘመን ድራማ ይህን ያህል እውነት ካልነገረን ልብስ ማየት ብቻ ነው።

ለአንድ ሌላ ሰው ቀልድ ስትባል የኖረች ሴት ታሪኩን ራሷ ብትናገረው ምን ይጎድላል?


ሰምና_ወርቅ

ነጭ እርግብ፣ እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው። አልሸሸውም።

ሁለት ነገር ይጎድላል። አንደኛ፣ ሶፊያ ቶምን ትወደዋለች። የሚወድ ሰው ደግሞ ይናደዳል፣ ይቀየማል፣ ይቅር ይላል እንጂ በወደደው ላይ እንደ ፊልዲንግ ረጋ ብሎ አያሾፍም። ሁለተኛ፣ የማታውቀው ነገር ብዙ ነው። የታሪኩ መሀል አፕተን ያለው ማደሪያ ቤት ነው። በአንድ ሌሊት ቶም ከወይዘሮ ዋተርስ ጋር ነው፤ የሸሸች ሚስቱን የሚፈልግ ባል በር ሰብሮ ይገባባቸዋል፤ ሶፊያ ትደርሳለች፤ ቶም ከማን ጋር እንዳለ ሰምታ ሳታየው ትሄዳለች፤ ሲነጋ አባቷ እያሳደደ ይደርሳል። ቀልዱ ያለው ሁሉም የሌላውን ባለማወቁ ላይ ነው። ይህን መናገር የሚችለው በሁሉም ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ መሆን የሚችል ድምፅ ነው።

የሶፊያን ስሜት ለማሳየት ተዋናይዋ ትበቃለች። ካሜራ ፊት ላይ ስሜት ማንበብ ያውቅበታል። የማያውቅበት እያወቀ እንዳላወቀ መሆንን ነው።


ከመጋረጃ_ጀርባ

እኔ ሥራዬ ምስል ማቀናበር ነው፣ ኤዲቲንግ። ሁላችሁም ቃል ላይ ብቻ ተጣብቃችኋል።

የ1963ቱ ሳቅ ከተራኪው ብቻ አልመጣም። ሕፃኑ የሚገኝበት መክፈቻ እንደ ድምፅ አልባ ፊልም ነው የተሠራው፤ ንግግሩ በጽሑፍ ይወጣል፣ ከሥሩ የጆን አዲሰን ሙዚቃ ይሮጣል። መጽሐፉ በረዥም የሚሄድበትን በጥቂት ደቂቃ ጨርሶታል። ቶም አንዳንዴ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ያናግረናል።

የአፕተኑንም እራት አስታውሱ። ፊልዲንግ የቶምንና የወይዘሮ ዋተርስን መተያየት እንደ ጦርነት ነው የጻፈው። ዓይኗ ይተኩሳል፣ ፈገግታዋ ይዘምታል፣ ቶም ግን ለጊዜው ሥጋው ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ተኩስ ዒላማውን ይስታል። ፊልሙ ይህን በተራኪ ድምፅ ሊያነበው ይችል ነበር። አላነበበም። አልበርት ፊኒና ጆይስ ሬድማን ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ እየተያዩ ይበላሉ። እየቆየ አበላሉ ራሱ ሌላ ነገር ይሆናል። በዚያ ፊልም ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ነው። ከመጽሐፉ አንድ ዓረፍተ ነገር የለበትም፤ መንፈሱ ግን የመጽሐፉ ነው።

ስለዚህ ድምፁን ለማን እንስጥ ከማለታችሁ በፊት፣ ይህ ትዕይንት ድምፅ ያስፈልገዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አፕተን ላይ ደግሞ የሙያ ነገር ልናገር። የበር ቀልድ የሚሠራው ተመልካቹ የትኛው በር የማን እንደሆነ ካወቀ ነው። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ኮሪደሩን ከአንድ ቦታ፣ ሰፋ አድርጎ፣ ደጋግሞ ማሳየት ግድ ነው። ከዚያ ካሜራውን አለማንቀሳቀስ። ሰው ሲገባ፣ ሰው ሲወጣ፣ ተመልካቹ ራሱ እየቀደመ ይስቃል። የዘመኑ ድራማ ችግር ካሜራው ዝም ብሎ አይቆምም። መጋረጃው፣ ሻማው፣ መስኮቱ ላይ በቀስታ ይንሳፈፋል። ለፍቅር ያምራል። ቀልድን ግን ይገድለዋል፤ ቀልድ ሰዓቱን ይፈልጋል።


ቀጭን_መንገድ

ልክ ነው። የቁንጅና ጥማት ነው የሚያጠፋው።


መርፌና_ክር

ልብስ ልብስ እያላችሁ ስታቃልሉት አላስችል ብሎኝ ገባሁ። የመድረክ አልባሳት ነው የምሠራው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ልብስ ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩን የሚገፋው እሱ ነው።

የአደን ጠባቂው ልጅ ሞሊ አረገዘች። እናቷ ሆዷን ለመሸፈን ከሶፊያ በስጦታ የመጣ ቀሚስ ታለብሳታለች። ሞሊ በዚያ ቀሚስ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የመንደሩ ሴቶች ዓይናቸው ይቀላል። ሲወጡ መቃብሩ መሀል ድብድብ ይነሳል፤ ፊልዲንግ ድብድቡን እንደ ሆሜር ጀግኖች ጦርነት ይጽፈዋል። አጥንት ይወረወራል፣ የመንደር ሰው በስሙ እየተጠራ ይወድቃል።

ይህን የምታዘጋጅ ባለሙያ ምን ማድረግ አለባት? ያንን ቀሚስ ቀደም ሲል ሶፊያ ላይ ማሳየት አለባት፣ ተመልካቹ ዓይን ውስጥ እስኪቀር። ከዚያ ሞሊ ላይ ሲመጣ ትከሻው ሰፍቶ፣ ወገቡ አልገጥም ብሎ መታየት አለበት። ያኔ ማንም ምንም ሳይናገር የመንደሩ ቅናት ይገባናል። የተራኪው ሥራ ግማሹ በልብሱ ተሠራ ማለት ነው። የቀረውን ግማሽ ሙዚቃው ይሥራው፤ የጀግና ጦርነት መለከት ይነፋ።

የሶፊያን የእጅ ማሞቂያም አትርሱት፣ ያቺን ሁለት እጅ የሚከተትባትን ከፀጉር የተሠራች። ቶም ሰው የማያየው መስሎት እንደሳማት አገልጋይዋ ኦነር ለሶፊያ ትነግራታለች። ከዚያ በኋላ ሶፊያ አትለያትም። አንድ ምሽት ለአባቷ ፒያኖ መሳይ መሣሪያዋን ስትጫወት ማሞቂያዋ ጣቷ ላይ ትወርድና ዜማው ይሰናከላል። ዌስተርን ተናድዶ ይነጥቃትና እሳት ውስጥ ይጥላታል። ሶፊያ ዘላ ከእሳቱ ታወጣታለች። ቶም እዚያው ቆሞ ያያል። ያን ጊዜ መውደዷን ያወቀው ቃል ተነግሮት አይደለም። በኋላ አፕተን ላይ ስሟን ጽፋ፣ ከማሞቂያዋ ጋር አልጋው ላይ ትታለት ትሄዳለች።

እንዲህ ያለ ዕቃ በእጁ እያለ በሚያምር ቀሚስ ብቻ የሚኩራራ አዘጋጅ ያሳዝነኛል።


ነጭ_እርግብ

መርፌና ክር፣ እጅሽ ይባረክ። የእሳቱ ትዕይንት ግን ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። ዌስተርንን ምን እናድርገው?

ሁሌ እንደ ጮሌ ቀልደኛ ሽማግሌ ነው የሚሠራው። ይጮኻል፣ ይጠጣል፣ ውሾቹን ይጠራል። ሰውዬው ግን ልጁን ክፍል ውስጥ ቆልፎባት በግድ ሊድራት የተነሳ አባት ነው። ዛሬ ይህን አይተን እንድንስቅ መጠበቅ ትክክል ነው?


ሌሊት_አንባቢ

ፊልዲንግ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የጻፈው። ዌስተርን ሶፊያን ከማንም አብልጦ ይወዳታል፤ ከልጁ ደረጃ ደርሰው አብረው የሚነሱት የአደን ውሾቹና ፈረሶቹ ናቸው። በዚያው እስትንፋስ ይቆልፍባታል። ከእህቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ደግሞ ፊልዲንግ የተውኔት ሰው እንደነበር ይታወቃል። በ1737 የወጣው የቴአትር ቤቶች ሕግ መድረኩን እስኪዘጋበት ድረስ ተውኔት ጸሐፊ ነበር። የዌስተርን ጭቅጭቆች ምንም ሳይነኩ ለተዋናይ መስጠት ይቻላል።

የተዋናዮቹ ምርጫም ለየቅል ነው። በ1997 ብራያን ብሌስድ ሲጫወተው ቤቱ ይናወጣል። በ2023 አለን አርምስትሮንግ በጣም ረጋ ያለ ነው። እኔ የመጀመሪያው ያስቀኛል፣ ሁለተኛውን አምነዋለሁ።


ከመጋረጃ_ጀርባ

ነጭ እርግብ ላነሳችው፣ መፍትሔው ቀረጻው ላይ አለ። አባትየው ሲጮህ እሱን ብቻ ለይታችሁ ካሳያችሁ ቀልድ ይሆናል። እሷን ብቻ ለይታችሁ ካሳያችሁ ሰቆቃ ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ፍሬም ያዟቸው፣ አትቁረጡ። ተመልካቹ ዓይኑን ወደ እሱ ሲያዞር ይስቃል፣ ወደ እሷ ሲመልስ ሳቁ ይቆማል። እንዲያ ሲሆን ማንም ለተመልካቹ አልወሰነለትም።


ሰምና_ወርቅ

ይህን ወድጄዋለሁ። እኔ ድምፁና ምስሉ ይጋጩ ያልኩትን አንተ በአንድ ምስል ውስጥ አገኘኸው። ዌስተርን ላይ ተራኪ አያስፈልግም፣ እቀበላለሁ። ሰውዬው የሚደብቀው ነገር የለውም፤ ልቡ ምላሱ ላይ ነው። ተራኪ የሚያስፈልገው ለሚደብቁት ነው። ለብሊፊል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለብሪጅት።

የመጽሐፉ ትልቁ ምሥጢር የቶም እናት የኦልወርዚ እህት ብሪጅት መሆኗ ነው። ገና ከመጀመሪያው ቤቱ ውስጥ ናት። ሕፃኑን ለማሳደግ ስትስማማ ተራኪው የወንድሟን ፈቃድ ለመፈጸም ያላት ታዛዥነት አድርጎ ይነግረናል፣ እኛም እናምነዋለን። ሁለተኛ ስታነቡት ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላ ትርጉም ይዞ ይመጣል። በምስል ይህ እንዴት ይሆናል? ተዋናይዋ እናት መሆኗን እያሰበች ከተጫወተች ፊቷ ያሳብቃል። ሳታስብ ከተጫወተች በኋላ ተመልሶ ለሚያይ ሰው ባዶ ነው።


ቀጭን_መንገድ

4 ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ማስገባት አይቻልም። ገጠሩ 6፣ መንገዱ 6፣ ለንደን 6 መጽሐፍ ነው። ማንም አዘጋጅ መንገዱን ነው የሚቆርጠው፣ እያንዳንዱ ማደሪያ ቤት አዲስ ቤት፣ አዲስ ፈረስ፣ አዲስ ሰው ስለሚፈልግ። በ1745 ከዙፋን የተባረረው የስቱዋርት ቤተሰብ ደጋፊዎች ያነሱት አመፅም አብሮ ይቆረጣል። ሶፊያን አመፁን የሚመራው ልዑል ወዳጅ ጄኒ ካሜሮን ናት ብለው የሚሳሳቱበት ማደሪያ ቤት ግሩም ነው፤ ግን ታሪኩን ለማያውቅ ተመልካች ማስረዳት ሊኖር ነው፣ ማስረዳት ከገባ ደግሞ ቀልዱ ይበርዳል።

ለመቆረጥ ያለምንም ጸጸት የምሰጠው ኮረብታ ላይ የሚኖረውን ሽማግሌ ነው። ቶም ቁጭ ብሎ የሰውዬውን የሕይወት ታሪክ የሚሰማበት ምዕራፎች መጽሐፉ ላይም ይከብዱኛል።


ሌሊት_አንባቢ

ሽማግሌውን ተወው ግዴለም። አመፁ ግን ይቆይ። ቶም ከወታደሮቹ ጋር የሚቀላቀለው በሱ ሰበብ ነው። አገሩ ሁሉ የሚንቀሳቀስበት ምክንያት ከሌለ፣ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሌሊት አፕተን ላይ መገናኘቱ የደራሲ ብልሃት ብቻ ይመስላል።


ከመጋረጃ_ጀርባ

ብሪጅትን ልመልስ። ምሥጢሩን የሚሸከም ሌላ ሰው አለ፦ ጠበቃው ዳውሊንግ። ብሪጅት ስትሞት እውነቱን ለወንድሟ እንዲያደርስ የላከችው እሱን ነው። ኦልወርዚ ታምሞ ስለነበር ደብዳቤውን ለብሊፊል ሰጠው፤ ብሊፊል ደበቀው። ከዚያ ወዲህ ዳውሊንግ ታሪኩ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላል፤ ሁሌ ይቸኩላል፣ ሥራ በዛብኝ፣ ራሴን ሃያ ቦታ ብከፋፍለው ደስ ይለኝ ነበር ይላል።

ይህን ሰው ለጥሩ ቀልደኛ ተዋናይ ስጡት። በገባ ቁጥር ችኮላው ያስቀን። በሳቃችን መሀል ደብዳቤው ዓይናችን ሥር ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ማንም ልብ አይለውም። ብሪጅትን ደግሞ ሁሌ ሌላ ሥራ ላይ እያለች አሳዩአት፦ ሰው ስትቆጣ፣ አሽከር ስታዝ። ሕፃኑ አጠገቧ ይሁን፣ ትዕይንቱ ግን ስለ ሌላ ነገር ይሁን። ተዋናይዋ እያወቀች ትጫወተው፤ እኛ የምናየው ሌላ ቦታ ስለሆነ አያሳብቅም። ሁለተኛ የሚያይ ሰው ያገኛታል።


ነጭ_እርግብ

በዚህ መንገድ ከሄድን ተራኪ ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ነው?


ሰምና_ወርቅ

ለብሪጅት አያስፈልግም፣ አሳምኖኛል። ዳውሊንግን እንዲያ አስቤው አላውቅም ነበር፤ ደብዳቤው በሳቅ ተሸፍኖ ማለፉ ፊልዲንግ ራሱ የሠራውን ነው የሚሠራው።

ወፏ ላይ ግን አልለቅም። እዚያ ሁለት መምህራን አንድን ክፋት በቃላት እያጠቡ ጽድቅ ሲያደርጉት ነው ቀልዱ። ንግግራቸውን ሙሉውን ብታስገቡት ይረዝማል፣ ብትቆርጡት የክርክሩ ድርቅና ይጠፋል። ከላይ የተረጋጋ ድምፅ ክርክሩን አሳጥሮ ይዘግብልን፤ ምስሉ ደግሞ ውኃ ያንጠባጠበውን ቶምን፣ ባዶ ክር የያዘችውን ሶፊያንና ከመምህራኑ ጎን ቀጥ ብሎ የቆመውን ብሊፊልን ያሳየን። ከዚህ ውጪ በየክፍሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ይሰማ፤ በተሰማ ቁጥር አንድ ሰው እየተሸፈነለት መሆኑን እንድንለምድ።

ድምፁ የሴት ቢሆንስ ላላችሁ፣ ይሁን፤ ሶፊያ እስካልሆነች ድረስ ግድ የለኝም።


ነጭ_እርግብ

ኦነር ትሁን እንግዲያ። አገልጋይ ናት፣ በየበሩ ትገባለች፣ የማሞቂያዋን ወሬ ያመጣችው እሷ ናት፣ ለማንም አታዳላም፤ የምታዳላው ለጥቅሟ ነው። አፕተን ላይም ነበረች። የ2023ቱ ላይ ፐርል ማኪ ስትጫወታት ወሬው ሁሉ በሷ በኩል ቢመጣ ብዬ ተመኝቼ ነበር።


መርፌና_ክር

ኦነር ከሆነች የሶፊያ አሮጌ ልብሶች ለሷ እንደሚደርሱ አትርሱ። መጽሐፉ ውስጥ ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያሳስባታል። ገና የመጀመሪያው ክፍል ላይ የሶፊያን ያለፈ ዓመት ቀሚስ ለብሳ ትታይ፣ ማን እየተረከልን እንደሆነ እዚያው ይግባን።